ፀሐይን ጋቢ ያለበስኩ ዕለት

እናንተ ምን ትፈራላችሁ? ሰው እንዲህ ሲጠየቅ እባብ ይላል፣ ጅብ ይላል፣ ደፈር ያለው ደግሞ ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ሚስቴን» ይላል። እኔ የምፈራው ድምፅ ነው። «ጢጥ» የሚል ድምፅ። ነጎድጓድ ቢሆን እኮ አጓርቶ ይሄዳል። ጢጥ ግን አይሄድም። ጢጥ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ተገላገልኩ ብላችሁ ትንፋሻችሁን ስትለቁ እንደገና ጢጥ ይላል።

አትሳቁ። በቀደም ለት ባንክ ቤት ወረፋ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ተራ የሚጠራው ማሽን ጢጥ አለ። እግሬ ከእኔ ቀድሞ ተነሣ። በሩ ጋ ስደርስ ጥበቃው ጥምጥም አለብኝ። ሰው ባንክ ቤት ሲገባ ቢሮጥ ቸኩሎ ነው ይባላል፣ ሲወጣ ከሮጠ ግን ነገር አለው። ምን ወሰድክ ይለኛል። ምንም አልወሰድኩም፣ እናቴ ናት እለዋለሁ። እናትህ ምን ሆነች ይለኛል። እኔም እሱን ለማየት ነው የምሮጠው እለዋለሁ። በመጨረሻ ተማሪዬ የነበረች ገንዘብ ተቀባይ አየችኝና «መምህር ተስፋዬ ናቸው፣ ልቀቃቸው፣ እሳቸው እንዲህ ናቸው» ብላ አስለቀቀችኝ። «እንዲህ ናቸው» ያለችው ነገር እስካሁን ይከነክነኛል።

እንዲህ መሆኔን ግን አልክድም። ፈሪ ነኝ። ፎቅ ስወጣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ነው። ባጃጅ ውስጥ መሃል ካልሆነ አልቀመጥም። መብራት ሲጠፋ ሻማ መለኮስ እፈራለሁ፣ ሲመጣ ደግሞ ማብሪያውን መንካት እፈራለሁ። «ፈሪ ለእናቱ» ይባል የለ? ጀግናው ወድቆ ሲቀር ፈሪው ለእናቱ ይተርፍላታል ማለት ነው። ስንት ዘመን ተጽናንቼበታለሁ። ግን እናትየው ራሷ የማትተርፍ ከሆነስ? ያን ጊዜ ፈሪው ለማን ይሆናል? ይህን የነገረኝ ሰው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ ሳንባዋ ደክሟል። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ከጎጃም ወደ ሐዋሳ ሲዛወር ተከትላው መጣች፤ እሱ ካረፈ ወዲህ ከእኔና ከባለቤቴ ከአስቴር ጋር እዚሁ ሐዋሳ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ነው የምትኖረው። ሳንባዋ ይድከም እንጂ ምላሷ አልደከመም። በቅርቡ ሆስፒታል ተኝታ ስትወጣ አንድ የኦክስጅን ማሽን አብሯት ወጣ። ከአየሩ ላይ ኦክስጅኑን ለቅሞ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫዋ የሚልክ፣ ቀኑን ሙሉ ሲያንጎራጉር የሚውል ነገር ነው። ሐኪሙ ይህ ማሽን ሳይቋረጥ መሥራት አለበት አለን።

ሳይቋረጥ! ሰው እዚሁ ከተማ እየኖረ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ያወጣል? እኛ ሰፈር መብራት ተቋረጠ አይባልም፤ መብራት ጎራ አለ ነው የሚባለው። መብራቱ ሲሄድ ማሽኑ ማንጎራጎሩን ይተውና ጢጥ ማለት ይጀምራል። ያን ጊዜ የእማዬ ትከሻ ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል፣ ዓይኗ ዓይኔን ይፈልጋል። ለክፉ ቀን የምትሆን አንዲት የኦክስጅን ሲሊንደር አልጋዋ አጠገብ ቆማለች። ግን እሷም ታልቃለች። አላቂ ነገር ደግሞ ፈሪ ሰው ቤት አይሆንም፤ ከመክፈቻዋ ላይ ዓይኔን ሳልነቅል ነበር የምውለው።

ስለዚህ ሶላር ላስገባ አልኩ። ቢንያም የሚባል ሶላር ገጣሚ ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ አመጣሁ። ጎልማሳ ነው፣ ረጋ ያለ፣ ሰው ሁሉ ኢንጂነር ይለዋል። ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ፓኔሉ ፀሐይዋን ይቀበላል፣ ባትሪው ለሌሊት ያጠራቅማል፣ ኢንቨርተር የሚባለው ሣጥን ደግሞ የመጣውን ሁሉ ተቀብሎ ማሽኑ የሚሠራበት ዓይነት መብራት ያደርገዋል። ፓኔሉና ኢንቨርተሩ መመጣጠን አለባቸው፣ አንዱ ሲያይል ሌላው ይጎዳል አለኝ።

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት በፍርሃቴ ጆሮ ነው። ፓኔሉን ሳይ ፍርሃቴ «ቢደመንስ?» አለኝ። ጨምር አልኩት ቢንያምን፣ ጨመረ። «ክረምቱን ሙሉ ቢደመንስ?» አለኝ። አሁንም ጨምር አልኩት። ኢንቨርተሩ ጋ ስንደርስ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ትልቁ ሣጥን ላይ ትልቅ የመብረቅ ሥዕል ተለጥፎበታል። ትንሹ ሣጥን ላይ ትንሽ መብረቅ። እናቴ በተኛችበት ቤት ትልቅ መብረቅ ተሸክሜ እገባለሁ? ትንሹን አልኩ። ትንሽ ውሻ ብትነክስም ትንሽ ነው ብዬ። ቢንያም ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ማሽኑን ብቻ ለማሠራት ይችላል፤ ግን ለዚህ ሁሉ ፓኔል ያንሳል» አለኝ። እኔ «ይችላል» የምትለዋን ያዝኩና የቀረውን ለእሱ መለስኩለት። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ፀሐይ እንዳያንሰኝ ፈርቼ ጣራውን በፓኔል ሞላሁት፣ መብራቱ እንዳያቃጥለኝ ፈርቼ መቀበያውን አጠበብኩት።

አሁን ደግሞ የአቅጣጫ ጉዳይ መጣ። ቢንያም ፓኔሎቹን በሙሉ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል አድርጎ ሊያስር መሰላል ሲወጣ እማዬ በመስኮት አየችው። ወዴት ነው የምታዞረው ብላ ጠየቀችው። ወደ ደቡብ ነው እማማ፣ ቀትር ላይ ብዙ ፀሐይ የሚገኘው እንዲህ ሲሆን ነው አላት።

«ደቡብ ማን አለ?» አለችው።

ቢንያም ወደ ደቡብ ዞር ብሎ አየ። ደቡብ ማን እንዳለ ትምህርት ቤት አላስተማሩትም። እማዬ ቀጠለች። ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ወደ ምሥራቅ ነው። ሰው ሲጸልይ ወደ ምሥራቅ ነው። ዲያቆኑ እንኳ በቅዳሴ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ ነው የሚለው። እሷ ራሷ አልጋዋን ያስዘረጋችው ስትነሣ ምሥራቅ ምሥራቁን እንድታይ ነው። ፀሐይን ያህል እንግዳ በምሥራቅ በር ሲገባ ጎኑን ሰጥቶ የሚቆም ምን ዓይነት አስተናጋጅ ነው አለች። ትንፋሽ እያጠራት ነው ታዲያ ይህን ሁሉ የምትለው፤ በየመሃሉ ታርፋለች፣ ሰው ነገሯ አልቋል ብሎ ሊሄድ ሲል ትቀጥላለች።

ይህን ጊዜ አቶ ሌዳሞ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። አቶ ሌዳሞ የሲዳማ ተወላጅ ጎረቤታችን ነው፤ የግንባታ ዕቃ ይነግዳል፣ ፕሮቴስታንት ነው፣ ሰውነቱ ግዙፍ ነው፣ ድምፁም እንደዚያው። ግቢያችን በር ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ በሲዳምኛ «ኬሬ!» ይላል፣ ሰላም ማለቱ ነው። ከእማዬ ጋር በጾም ነገር ሳይከራከሩ አይውሉም፣ እሷ ካልመረቀችው ግን ሱቁን አይከፍትም። ሶላሩን ወደ ሐይቁ አዙሩት አለ። የእኔ ሱቅ ወደ ሐይቁ ነው የሚያየው፣ መብራት የሚጠፋው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐይ ያለችው በሐይቁ በኩል ነው አለ። ሐይቁ ራሱ ከታች ሆኖ ያበራል፣ ሁለት ፀሐይ በሉት አለ። ቢንያም ለእማዬም እሺ አለ፣ ለአቶ ሌዳሞም እሺ አለ፣ ፓኔሎቹን ግን ወደ ደቡብ አሰራቸው። የባለሙያ እሺታ እንዲህ ያለች ናት።

መጀመሪያ ሰላም ሆነ። መብራት ይሄዳል፣ ማሽኑ ያንጎራጉራል፣ እማዬ ትናገራለች። ማታ ማታ ከባትሪው ላይ የምትበራዋን አረንጓዴ ነጥብ እያየሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር።

በኋላ ያቺ ቀን መጣች። በጋ ነው፣ ሰማዩ ላይ አንዲት ቁራጭ ደመና የለችም። መብራት ካለፈው ማታ ጀምሮ የለም፤ ባትሪው ሌሊቱን ሠርቶ ተራቁቷል። እኔ ፈረቃዬ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ቤት ነበርኩ። አስቴር ሲሊንደሯን ላስሞላ ብላ በጠዋት ይዛት ወጣች። ያለ ሲሊንደር ልትተዪን ነው ብዬ ልፈራ አሰብኩና ሰማዩን አይቼ ተውኩት። ፀሐይ እያለች ምን እንሆናለን አልኩ። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት! የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። በእኔ ግን ያልፈራሁት ደረሰብኝ።

ልክ ፀሐይ አናታችን ላይ ስትወጣ ጢጥ አለ። መጀመሪያ ኢንቨርተሩ። ቀጥሎ የእማዬ ማሽን። አንዱ ጢጥ ሲል ሌላው ይመልስለታል። ሮጬ ኢንቨርተሩን ባየው ቀይ መብራት በርቶበታል፣ ከሩቁ ይፋጃል። ሮጬ እማዬን ባያት ትራሷን ለቃ በሁለት እጇ የአልጋውን ጠርዝ ይዛለች። ከንፈሯ መልኩን ለወጠ። «ምን ሆነ?» አለችኝ። ሁለት ቃል ናት፣ ሁለቱን ለማውጣት ግን ሁለት ጊዜ አረፈች። ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራ ኖሬ ፍርሃት ማለት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ስልክ ደወልኩ። ቢንያም ቡሹሎ የሚባል ሰፈር አንድ ሰው ጣራ ላይ ነበር፣ ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይነፍሳል። ጠፋ አልኩት። ፀሐይ አለ ወይ አለኝ። አለ አልኩት። በደንብ አለ ወይ አለኝ። አናት ይበሳል አልኩት። «እሱ ነው ችግሩ። ፀሐዩ በዛበት» አለኝ።

ያሾፈብኝ መሰለኝ። ይህን ሁሉ ፓኔል የደረደርኩት ፀሐይ እንዳያንሰኝ አይደለም እንዴ? ሰው እንዴት ፀሐይ በዝቶበት ይጨልምበታል? ቢንያም ግን እየጮኸ ነበር። ሁሉም ፓኔል ቀትር ላይ እኩል ይጭንበታል፣ ሣጥኑ ትንሽ ነው፣ ሲግል ራሱን ያጠፋል፣ ጣራ ላይ ይውጡና ግማሹን ፓኔል በወፍራም ጨርቅ ይሸፍኑለት፣ ይቀዘቅዛል፣ ይነሣል አለኝ። ሽቦ እንዳይነኩ፣ የፓኔሉን መስታወት እንዳይረግጡ፣ እንዳይወድቁ አለኝና መስመሩ ተቋረጠ። ከሁሉም ጥርት ብላ የተሰማችኝ «እንዳይወድቁ» የምትለዋ ናት።

አቶ ሌዳሞ ጩኸቴን ሰምቶ መሰላል ይዞ መጣ። እሱ እንዲወጣ ብለምነው ቆርቆሮውን አየ፣ ሆዱን አየ፣ «እኔ ከወጣሁ ጣራው ወደ እማማ ነው የሚወርደው» አለኝ። እውነቱን ነው። መሰላሉን እኔ እይዛለሁ፣ እጸልያለሁም አለ። ወፍራም ጨርቅ ፍለጋ ዞር ስል ዓይኔ ያረፈው እማዬ እግር ላይ ነው። ጋቢዋን ገፍፌ ሮጥኩ። ከኋላዬ «ጋቢዬን... ወዴት...» ስትል ሰማሁ፤ ዞሬ የምመልስበት ልብ አልነበረኝም።

እንዴት እንደወጣሁ አትጠይቁኝ። ታች አቶ ሌዳሞ ዓይኑን ጨፍኖ በሲዳምኛ ይጸልያል፣ ድምፁ መሰላሉን ሳይቀር ያንቀጠቅጠዋል። ቆርቆሮው መዳፌን ለበለበኝ። ቀና ስል ጣራዬ ላይ ብቻዬን አይደለሁም። አንድ አባ ኮዳ ጣራው ጫፍ ላይ ቆሟል። ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ ከአሞራ ገደል ዓሣ ሲለቃቅም የሚውለው፣ ከሰው ወገብ በላይ የሚረዝመው ያ መላጣ ወፍ። ሌላ ቀን ቢሆን የሐዋሳ ሰው ወፍ አይቶ አይደነግጥም። ያን ቀን ግን ታማሚ የተኛበት ቤት ጣራ ላይ ምን ይሠራል? ማንን ነው የሚጠብቀው? ሂድ አልኩት፣ አልሄደም። ራሱን ዘንበል አድርጎ አየኝ። እኔን እየጠበቀ እንደሆን ብዬ ተጽናናሁ። እውነቴን ነው፣ እኔን ቢሆን ይሻለኛል ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አያውቅም ነበር።

በደረቴ እየተሳብኩ ጋቢውን ፓኔሎቹ ላይ ዘረጋሁት። ነፋስ እንዳይወስደው አንዱን ጫፍ በጫማዬ ያዝኩት፣ ሌላውን በክርኔ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጢጡ ከታች ይሰማኛል። ጢጥ፣ ዝም፣ ጢጥ። የእማዬ ድምፅ አይሰማኝም። መንገድ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ያዩኛል፤ አንዱ «መምህር፣ ፀሐይን በረዳት እንዴ?» ብሎ ጮኸ፣ ተሳሳቁ። እኔ ጋቢው ላይ ፊቴን ደፍቼ የእማዬን ሽታ እያሸተትኩ እግዜርን ተማጠንኩ። የሰጠኸኝ ፀሐይ በዝቶብኛል፣ ትንሽ ቀንስልኝ አልኩት። ሰው እንዲህ ብሎ ጸልዮ ያውቃል?

ጢጡ ቆመ። ቀጥሎ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ማሽኑ ማንጎራጎር ጀመረ። አቶ ሌዳሞ «ኬሬ! ኬሬ!» እያለ ጮኸ። እኔ ግን መውረድ አቃተኝ። አስቴር ሲሊንደሯን ይዛ መጥታ፣ ከእሱ ጋር ሆነው እግሬን በየመሰላሉ እርከን ላይ እያስቀመጡ ነው ያወረዱኝ። አባ ኮዳው ቀድሞኝ ሄዷል። እማዬ ቱቦዋን አስተካክላ፣ ከንፈሯ ደም መልሶ፣ ስገባ በቁጣ አየችኝ።

«ጋቢዬን ለማን አለበስከው?» አለችኝ።

ቢንያም በማግሥቱ መጣ። ምርጫው ሁለት ነው አለን፤ ወይ ኢንቨርተሩን በትልቅ መለወጥ፣ ወይ ከፓኔሎቹ ግማሹን ማውረድ። ትልቁን ሣጥን ሳስበው መብረቁ ታየኝ። ግማሹን ማውረድ ሳስበው ክረምቱ ታየኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉ የለ? ሁለቱንም አልችልም አልኩት። ይህን ጊዜ እማዬ ነግሬህ ነበር፣ ወደ ምሥራቅ አዙረው አለች። አቶ ሌዳሞ ወደ ሐይቁ አለ። ክርክሩ እንደ አዲስ ተነሣ። እማዬ ስትቆጣ ትንፋሿ ያጥራል፣ ትንፋሿ ሲያጥር እኔ እንቀጠቀጣለሁ፣ አቶ ሌዳሞም እማማን አስቆጣሁ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ይቅርታ ጠይቆ ሲያበቃ ግን «ቢሆንም ወደ ሐይቁ ይሻላል» ይላል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ እኛ ሰፈር ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ይጠራል። የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ታደሰ መጡ። ባልና ሚስት አስታርቀዋል፣ የአጥር ድንበር አካልለዋል፣ ጠቦት የበላ ውሻ ጉዳይ ጨርሰዋል። ሶላር ግን የመጀመሪያቸው ነው። እማዬ አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉና ሁሉንም በየተራ አናገሩ። እማዬ ስለ ምሥራቅ ተናገረች። አቶ ሌዳሞ ስለ ሐይቁ ተናገረ። ቢንያም ስለ ቀትርና ስለ ደቡብ ብዙ ተናገረ፣ በጣቱም ጠረጴዛው ላይ እየሣለ አስረዳ። ጋሽ ታደሰ ሁሉንም «ልክ ነህ፣ ልክ ነሽ» እያሉ ሰሙ። ከዚያ ፈረዱ። ከፓኔሎቹ ግማሹ ለእማማ ወደ ምሥራቅ ይዙር፣ ግማሹ ለአቶ ሌዳሞ ወደ ምዕራብ ይዙር። ደቡብ ባለቤት ስለሌለው ይቅር።

ቢንያም ብድግ አለ። እኔ አለሁ እኮ፣ የደቡቡ ባለቤት እኔ ነኝ አለ።

«አንተ ሥራህን ጨርሰህ ትሄዳለህ፤ እነሱ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ» አሉት።

ቢንያም ወደ እኔ ዞረ። ጋሼ፣ ፀሐይ በሽምግልና አትሠራም፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፣ አንድ ነገር ይበሉ አለኝ። ምን ልበል? እናቴን ልቃወም? ጎረቤቴን ላስቀይም? ዕድሬን ልርገጥ? ነገ ሰው ቢሞትብኝ ድንኳን የሚተክለው ማን ነው? ይህን ሳስብ ደግሞ የማንን ሞት እያሰብኩ እንደሆነ ገባኝ። የእናቴ ትንፋሽ እንደ እርሻ ድንበር ለሁለት ሲካፈል እያየሁ እሺ አልኩ። ፈሪ ሰው ከእውነቱ ይልቅ ሁሉም የተስማማበት ነገር ይሻለዋል። ቢንያም «ነገ መብራቱ ቢጠፋ እኔ የለሁበትም» እያለ ወጥቶ ፓኔሎቹን አዞራቸው። ጣራችን ላይ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀመጡ፤ የተጣሉ ባልና ሚስት ነው የሚመስሉት።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዷን ፀሐያማ ቀን እየፈራሁ ነበር የምነሣው። ሰው ደመና ሲያይ ይከፋዋል፣ እኔ ፈገግ እላለሁ። አንድ ቀን ግን እንደዚያኛው ቀን ጥርት ብሎ ነጋ፤ መብራትም እንደዚያኛው ቀን የለም። ከትምህርት ቤት አስፈቀድኩ። አስቴርም ቀረች። ሲሊንደሯ ሞልታ አልጋው አጠገብ ቆማለች፣ መሰላሉ ጣራው ላይ ተደግፏል፣ ሌላ ጋቢ ተጣጥፎ እግሩ ሥር ተቀምጧል። አቶ ሌዳሞ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ጋሽ ታደሰ ፍርዳቸውን ሊያዩ መጡ። ቢንያም ደግሞ «በዚሁ ሳልፍ ነው» ብሎ መጣ፣ ሰፈራችን ግን የማንም ማለፊያ አይደለም።

ቀትር ደረሰ። እኔ ከኢንቨርተሩ ፊት ቁጢጥ ብያለሁ፣ አረንጓዴዋን መብራት አየኋት፣ እሷም አየችኝ። እጄን ከሣጥኑ ጎን አስጠጋሁ፤ ሞቅ ይላል እንጂ አይፋጅም። ፀሐይ አናታችንን አለፈች። ጢጥ የለም። ወደ ሐይቁ ማዘንበል ጀመረች። አሁንም ጢጥ የለም።

ቢንያም ጣራውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ሳቀ። ምን ያስቅሃል አልኩት። ጋሼ፣ እርስዎ ትምህርት ቤት ክፍሉ ሲጠብባችሁ ተማሪውን ምን ታደርጉታላችሁ አለኝ። በፈረቃ እናስገባዋለን አልኩት። በቃ አለኝ። ሁሉም ወደ ደቡብ ሲያዩ ሁሉም ቀትር ላይ እኩል ይመጡና በሩን ይሰብሩታል። አሁን ግን የምሥራቆቹ የጠዋት ፈረቃ ናቸው፣ የምዕራቦቹ የከሰዓት። ቀትር ላይ ሁሉም እኩል አይጨናነቁም፣ ጠዋትና ማታ ደግሞ ባዶ አይሆንም። ትንሹ ሣጥን ይበቃዋል። «እኔም እኮ ይህንኑ ልላችሁ ነበር» አለ። ማንም አላመነውም፤ ማንም ግን አልተከራከረውም።

ሳይደግስ አይጣላም አለች እማዬ፣ ምሥራቅ ምሥራቁን እያየች። አቶ ሌዳሞ የከሰዓቱን አረንጓዴ መብራት እያየ ሐይቁን አመሰገነ። ጋሽ ታደሰ ነጠላቸውን አስተካክለው ሲወጡ ቁመታቸው የጨመረ መሰለኝ። እንግዲህ ከዚህ ምን ተማርክ ብትሉኝ ተቸግሬያለሁ። ባለሙያ ይሰማ እንዳልል የዳንነው ባለሙያው እምቢ ባለው ነገር ነው። ሽማግሌ ይሰማ እንዳልል ሽማግሌው ስለ ጎረቤት እንጂ ስለ መብራት አላሰቡም። ፍርሃት አይጠቅምም እንዳልል፣ እሺ ያሰኘኝ ፍርሃቴ ነው። ደፋር ብሆን ኖሮ ከመካከላቸው ለአንዱ አድልቼ እናቴን እጎዳት ነበር።

ሁሉም ሄዱ። አስቴር ወደ ጓዳ ገባች። እኔ እማዬ አጠገብ ቀረሁ። ቤቱ ጸጥ አለ። ጢጥን ለምጄው ኖሮ መሰለኝ ጸጥታው ከጢጡ ይልቅ አስፈራኝ። ማሽኑ ያንጎራጉራል፣ እሱን ሰምቻለሁ። እሷን ግን አልሰማኋትም። ዓይኗ ተከድኗል። ደረቷ ይነሣ አይነሣ ጋቢው ከልሎኛል። እማዬ አልኩ በሹክሹክታ፣ አልመለሰችም። ጎንበስ አልኩ፣ የበለጠ ጎንበስ አልኩ፣ ጆሮዬን አፍንጫዋ ጋ አደረስኩት።

አንድ ዓይኗን ከፈተች።

«ምንድን ነው እንደ አባ ኮዳ የተደፋህብኝ?» አለችኝ።

ምንም አልኩ፣ ትንፋሽሽን እየሰማሁ ነው። ስታየኝ ምን እንዳየች እንጃ። እጇን ከጋቢው አውጥታ ጉንጬን ነካ አደረገችኝ።

«አትፍራ ልጄ። የምሞት ዕለት ጠርቼ እነግርሃለሁ» አለችኝና ዓይኗን መልሳ ጨፈነች።

ልታጽናናኝ ነው ያለችው። እኔ ግን ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ጢጥን መፍራት ትቼ ስሜን መፍራት ጀመርኩ። «ተስፋዬ!» ባለችኝ ቁጥር ልቤ ቀጥ ትላለች። በቀን ስንት ጊዜ እንደምትጠራኝ ደግሞ አትጠይቁኝ። ውሃ ፈልጋ ትጠራኛለች። ትራስ ዝቅ ብሎባት ትጠራኛለች። አባ ኮዳው የምሥራቁ ፓኔል ላይ ተቀመጠ፣ ወደ ሌዳሞ ፓኔል አዙረው ብላ ትጠራኛለች። ሮጬ ስገባ ፊቴን አይታ ትስቃለች፣ ስትስቅ ያስላታል፣ ሲያስላት ደግሞ እኔ ሌላ ፍርሃት እፈራለሁ።

ከሁሉ የከፋው ሳትጠራኝ ስትቆይ ነው። ያን ጊዜ መቀመጥ አልችልም። ብድግ እልና በሯ ላይ ቆሜ ምንም እንዳልሆነ ሰው «ጠራሽኝ እንዴ?» እላታለሁ።

«አልጠራሁህም» ትለኛለች ምሥራቅ ምሥራቁን እያየች፤ «ገና ነው።»